ለቀስተኛ ወይስ ደመኛ? በአምስት መቶዎቹ አደባባይ

በእኛ አገር፣ በእስቴ መካነ ኢየሱስ፣ ሰው ሞቶ ቀብሩ ካለፈ በኋላ በየቤቱ የሚነሣው ወሬ አንድ ነው፤ ማን ለቅሶ ደረሰ፣ ማንስ ቀረ? በወሰን ተጣልተው ለዓመታት የማይነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞች እንኳ ቢሆኑ፣ ከአንደኛው ቤት እሪታ በተሰማ ጊዜ ሌላው ነጠላውን አዘቅዝቆ ይሄዳል። ካልሄደ ነውሩ የእርሱ ነው። ከዚህ ሕግ ውጭ የሚቀር አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እርሱም ደመኛው ነው። የገደለ ወይም የገዳይ ወገን የሆነ ሰው፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ በደል በአፍ ተነግሮ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ዕርቅ ካልወረደ በስተቀር የሟቹን ደጃፍ አይረግጥም። ቢረግጥ በሐዘኑ ላይ እንዳላገጠ ይቆጠርበታል። በለቀስተኛና በደመኛ መካከል ሦስተኛ መቆሚያ ስለ መኖሩ በልጅነቴ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

ይህን የአገሬን ሥርዐት እንደ አዲስ እንዳስብ ያስገደደኝ መካነ ኢየሱስ ሳይሆን ሮማ ነው። ለአንድ የቴአትር ጉባኤ ተጋብዤ በሄድሁ ጊዜ ከባቡር ወርጄ ከተርሚኒ ጣቢያ ስወጣ፣ አውቶቡሶች የሚርመሰመሱበት አንድ ሰፊ ሜዳ ከፊቴ ተዘረጋ። በግድግዳው ላይ የአደባባዩ ስም ተጽፏል፤ «ፒያሳ ዴይ ቺንኮቼንቶ»፣ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቅ ነበር። የከተማው ሰው ያውቅ እንደ ሆነ ለማረጋገጥ ግን አንዱን ጋዜጣ ሻጭ ጠየቅሁት። ሰውየው ጥቂት አሰበና «የአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ማለት ይመስለኛል» አለኝ። በጣሊያንኛ ያ ክፍለ ዘመን በዚሁ ቃል ይጠራልና ስሕተቱ የማይገባ አልነበረም። አብሮት የቆመው ወጣት ግን ሳቅ ብሎ የፊያት መኪናን ስም ጠቀሰልኝ።

አምስት መቶዎቹ የዶጋሊ ሙታን ናቸው። ጣሊያን በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዘች በኋላ ጦሯን ወደ መሐል አገር እያስጠጋች ሰሐጢን መሸገች። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ለዚያ ምሽግ ስንቅና ረዳት ይዞ የተላከውን፣ በሌተና ኮሎኔል ደ ክሪስቶፎሪስ የሚመራውን ጦር ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ አገኙት፤ ከዚያ ጦር የተረፈው በጣም ጥቂት ነው። ወሬው ሮማ በደረሰ ጊዜ የሞቱት ወታደሮች ጀግኖች ተባሉ፤ ቁጥራቸውም ለአፍ እንዲመች ተጠጋግቶ አምስት መቶ ሆነ። በዚያው ዓመት በባቡር ጣቢያው ፊት ሐውልት ቆመላቸው፤ ሜዳውም በስማቸው ተጠራ።

የሐውልቱ ድንጋይ ራሱ አንድ ታሪክ አለው። የጣሊያን ጠራቢ የጠረበው አይደለም። ራምሴስ ሁለተኛ በግብፅ ያቆመው፣ የጥንት ሮማውያን ቄሣሮች ባሕር አሻግረው ያመጡት፣ ከዚያም ለብዙ መቶ ዓመታት አፈር ውስጥ ተቀብሮ እ.ኤ.አ. በ1883 በቁፋሮ የተገኘ የአፍሪካ ድንጋይ ነው። አፍሪካን ሊይዙ ሄደው ለሞቱት መታሰቢያ የሆነው እንግዲህ ከአፍሪካ የተማረከ ድንጋይ ነው። የቴአትር ሰው ነኝና ይህን በመድረክ ላይ ባመጣው ተመልካች «አበዛኸው» ይለኝ ነበር። ታሪክ ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲያደርግ ይሉኝታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1925 ሐውልቱ ከጣቢያው ፊት ተነሥቶ እዚያው አቅራቢያ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ አጠገብ ወዳለ አንድ አትክልት ቦታ ተዛወረ። የአደባባዩ ስም ከቦታው ቀረ፤ የሙታኑ ስም የተጻፈበት ድንጋይ ግን ጥቂት እልፍ ብሎ ከዛፍ ጥላ ሥር ይገኛል።

በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የተወሰደው ወደዚሁ ድንጋይ ነበር። አንበሳው በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓሉ ጋር ተያይዞ የቆመ ነው። ለዶጋሊ ሙታን እንደ ምርኮ ከእግራቸው ሥር ቀረበላቸው። ከኤርትራ የሄደውና ለጣሊያኖች በአስተርጓሚነት ያገለግል የነበረው ዘርኣይ ደረስ አንበሳውን በዚያ ሁኔታ ባየ ጊዜ ተንበርክኮ እንዳከበረው፣ ሊያስነሡት የመጡትንም በጎራዴ እንደ ገጠማቸው ይታወቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ነጻ ሆኖ አልኖረም፤ በ1937 ዓ.ም. ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሞተ። አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመልሶ ዛሬ ለገሃር ቆሟል። ዘርኣይ እንጀራውን ከእነርሱ የሚበላ ሰው ነበርና፣ አንድ ሰው በአደባባይ መካከል የማንን ወገን ሙታን እንደሚያከብር መምረጥ ሲኖርበት ምን ያህል እንደሚከፍል ከእርሱ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

እኔም ከዚያ ድንጋይ ፊት በቆምሁ ጊዜ ምርጫው መጣብኝ፤ የእኔው እርግጥ ምንም የማያስከፍል ነው። ኮፍያዬን ላውልቅ ወይስ አላውልቅ? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሰው በሌለበት ብቻውን ሆኖ ለሚያደርጋት ለዚህች ትንሽ ነገር መልስ ያላገኘ ሰው፣ ስለ ታላላቁ ጉዳይ በስብሰባ ላይ የሚናገረው ሁሉ ከአንገት በላይ ይሆንበታል።

ማውለቅ ይገባል የሚለውን ወገን በቅድሚያ ልስማ። እነዚህ ሰዎች ምጽዋን ለመያዝ የወሰኑት እነርሱ አይደሉም። ከየገጠሩ ተመልምለው፣ የሚሄዱበትን አገር ስም እንኳ በቅጡ መጥራት ሳይችሉ በመርከብ የተጫኑ ወጣቶች ነበሩ። የገዛ አገራቸው ሰዎችም ይህን ተናግረውላቸዋል። ከዶጋሊ በኋላ በየካቲት እ.ኤ.አ. 1887 አንድሬያ ኮስታ በፓርላማው ውስጥ ለአፍሪካው ጦርነት አንድ ሰው፣ አንዲት ሳንቲም አይሰጥም ብሎ ተከራክሯል። ከዓድዋ ድል በኋላ ደግሞ በብዙ የጣሊያን ከተሞች ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ሲቃወም «ምኒልክ ይኑር» የሚል ጩኸት ተሰምቷል፤ የክሪስፒ መንግሥትም ጦርነቱ በተፈጸመ በቀናት ውስጥ ወድቋል። እንግዲህ በዚያች አገር ሁለት ጣሊያኖች ነበሩ፤ ላኪና ተላኪ። የተላከው ሞተ። በላኪው ጥፋት ተላኪውን ከመቃብሩ ጀርባ ቆሞ መርገም ሙት ወቃሽነት ነው፤ ሙት ወቃሽ ደግሞ በእኛ ዘንድ አይወደድም።

ይህ ክርክር ልብ ይነካል። ይሁንና አንድ ነገር ይጎድለዋል። የሟቾቹን ንጽሕና እንጂ የሐውልቱን ንጽሕና አያስረዳም። ሐውልቱን ያቆሙት የሟቾቹ እናቶች አይደሉም፤ ላኪዎቹ ናቸው። ላኪ ለተላኪው ሐውልት ሲያቆም ሐዘኑ ብቻውን አይመጣም፤ «ማን ይተካችኋል?» የሚል ጥሪ ይከተለዋል። ከዶጋሊ እስከ ዓድዋ ያለው ጊዜ ዘጠኝ ዓመት ነው። ከዓድዋ እስከ 1928ቱ ወረራ አርባ ዓመት ቢያልፍም የፋሺስቱ መንግሥት ወጣቶቹን ሲያዘምት ያስታወሳቸው የዓድዋን ቂም ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚለው ብሂላችን እዚህ ላይ እንግዳ መልክ ይይዛል፤ ሊወጋ ሄዶ የተወጋው ወገን ቁስሉን ድንጋይ ላይ ጽፎ ሲያቆየው፣ አዲስ አበባ ላይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጀምሮ በሦስት ቀን የፈጀውን ሕዝብ ግን በቶሎ ረሳው። የኢትዮጵያ መንግሥት ኋላ ያቀረበው ቁጥር 30,000 ነው። ያን ግፍ ያዘዘው ግራትሲያኒ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፊሌ መንደር የመታሰቢያ ሕንፃ ተሠርቶለታል።

በሮማ ቅዱስ ዮሐንስ ዘላተራን አጠገብ ደግሞ በአምባ አራዶም የተሰየመ ጎዳና አለ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. በዚያ ተራራ የተደረገው ውጊያ የመርዝ ጭስ የታየበት ነው። የተራራው ስም በጣሊያንኛ ተጣምሞ «አምባራዳን» ሆኗል፤ ትርጉሙም ትርምስ፣ ዝብርቅርቅ ማለት ነው። እናት ልጇን «ይህን ሁሉ አምባራዳን አንሣ» ስትል የማንን ሞት እንደምትጠራ አታውቅም። እኛም ብንሆን «ፒያሳ» የሚለውን ቃል ወስደን የሰፈር ስም አድርገነዋል፤ ትርጉሙ አደባባይ መሆኑን ስንቱ ያስታውሳል?

አደባባይ የሚለው የእኛ ቃል ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በቀድሞው አነጋገር አደባባይ ማለት ችሎት የሚዋልበት፣ ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት የሚቆሙበት፣ አዋጅ የሚነገርበት ስፍራ ነው። አደባባይ የዋለ ሰው ማለት ነገር የሚያውቅ፣ ሙግት የሚችል ማለት ነው። ሰው ይናገርበታል እንጂ ድንጋይ አይናገርበትም። የአውሮፓው ጥንታዊ አደባባይ በአንጻሩ ድንጋዩ ተናግሮ የጨረሰበት ነው፤ ሰው የሚመጣው ለመስማት ወይም ሳይሰማ ለማለፍ ነው። ድንጋይ ተከሶ አይመልስም። ይህ ልዩነት ለእኛ የሚያኮራ ይመስለኝ ነበር፤ እስካሁንም ጥቂት ይመስለኛል። ነገር ግን በልጅነቴ በዋርካ ሥር የሰማሁት ሙግት ሁሉ ሰሚው ሲሞት አብሮ መሞቱን፣ ድንጋያቸው ላይ የተጻፈው የሮማውያኑ ስም ግን ዛሬም መነበቡን አልክድም።

ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ሐውልቱ ለቅሶ አይደለም፣ ፉከራ ነው ብዬ ኮፍያዬን አጥብቄ ልሄድ ቃጥቶኝ ነበር። ያገደኝ የገዛ አገሬ ለቅሶ ነው። በእኛም ዘንድ በሰው እጅ የወደቀ ሰው ሲለቀስ ሙሾው እያደር ወደ ፉከራ እንደሚዞር፣ አልቃሿ የሟቹን ወንድም እየጠራች ደም መላሽነቱን እንደምታስታውሰው ያላየ የጎንደር ሰው የለም። ሐዘንን በቀል እንዲከተለው ማድረግ የላኪዎች ብቻ ተንኮል አይደለም ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። አዲስ አበባ ላይ በቸርችል ጎዳና፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሟል። እውነተኛው መድፍ መቅደላ ነው። ያ መድፍ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችና በአገሬው ጉልበት ተሠርቶ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ አብሯቸው ተጓዘ። ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ ነው። ከጉና ወዲያ ማዶ በጋይንት፣ በጨጨሆ ቁልቁለትና ዐቀበት፣ በዋድላና በደላንታ፣ በጅዳና በበሽሎ ሸለቆ ስድስት ወር ያህል መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት ተጎተተ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በጌምድርን ምን እንዳደረገው የእኛ አገር ሰው ከአያት ከቅድመ አያቱ ሰምቷል፤ ጎተራው ተገልብጧል፣ ቤቱ ተቃጥሏል።

የእኛ የጸሐፊዎች ማኅበረሰብ ለቴዎድሮስ የከፈለውን ሁሉ እናስብ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት ጽፈዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ጽፏል። የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» እና የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» በየቤቱ ተነበዋል። እኔም በወጣትነቴ በአቅሜ አንድ ተውኔት ጽፌ ነበር። በሁለተኛው ገቢር መድፉ ይጎተታል። ንጉሡ ድንጋዩን በእጃቸው ያነሣሉ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ ያጨበጭባል። ጎታቾቹ በጽሑፌ ውስጥ «አንደኛ ጎታች፣ ሁለተኛ ጎታች» ተብለው ተጽፈዋል። የሚናገሩት ነገር ቢኖር «ኧረ ሆ» ብቻ ነው። የእስቴ ልጅ ሆኜ፣ ምናልባት ከእነዚያ ገመድ ሳቢዎች መካከል የአንዱ የልጅ ልጅ ሆኜ፣ ስም ልሰጣቸው አላሰብሁም። ሮማ ላይ የላኪውን ድንጋይ ስወቅስ እኔው ራሴ ለላኪው ድንጋይ ስጠርብ እንደ ኖርሁ የታየኝ እዚያው ቆሜ ነው።

ስለ ዓድዋም አንድ ነገር አለ። ከድሉ በኋላ ተማርከው ቀኝ እጃቸውንና ግራ እግራቸውን የተቆረጡ አስካሪዎች ነበሩ፤ በገዛ አገራቸው ላይ ዘመቱ ተብለው የከሐዲ ቅጣት ተፈርዶባቸው ነው። ጣሊያኖቹ ምርኮኞች በክብር ተይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ እነዚህ በወገናቸው እጅ ይህ ደረሰባቸው። በሮማ አደባባይ ስማቸው የለም፤ በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን እኛ ከምናደርገው ንግግር ውስጥም ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። የዘርኣይ ደረስን ጎራዴ ስናወድስ እነዚህን ብናስታውስ ውዳሴያችን የሚቀንስ አይመስለኝም።

በማግሥቱ ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ በእግሬ ሄድሁ። የአክሱም ሐውልት ከ1930 ዓ.ም. ጀምሮ ለስድሳ ስድስት ዓመት ያህል የቆመበት ነው። በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ የዘረፈችውን ልትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር፤ ሐውልቱ ግን የመጣው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በሦስት በረራ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሲሮጥ ያለፈው በእርሱ ሥር ነበር። ዛሬ በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ጥንታዊ አምዶች ቆመዋል። የሄደው ድንጋይ የነበረበትን ስፍራ በዐይኔ ስፈልግ ቆየሁና ብዙም ሳልሰነብት ተመለስሁ። ድንጋይ መመለስ ይቻላል፤ ደስም ይላል። እኔ የምፈልገው ግን እዚያ አልነበረም።

ቀኑ እሑድ ነበር። በአምስት መቶዎቹ አደባባይ ዙሪያ አማርኛና ትግርኛ ይሰማል። በየቤቱ ሽማግሌ የሚጦሩ፣ ሕፃን የሚያሳድጉ፣ ወጥ የሚሠሩ የእኛ አገር ሴቶች በዕረፍታቸው ቀን ከዚያ አካባቢ መገናኘት ከጀመሩ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከቤተ ክርስቲያን የመጣች፣ ነጠላዋን ከኮቷ በላይ ጣል ያደረገች አንዲት ሴት በንግግሬ የጎንደር ሰው መሆኔን ዐውቃ አነጋገረችኝ። የጋይንት ልጅ ናት። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ ስትቀጣጠር የአደባባዩን ትርጉም ጠይቃ አታውቅም። ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ስማቸው ተጽፏል እንዴ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

«አዎን፤ እዚያ ድንጋዩ ላይ አለ» አልኋት።

«የሁሉም?»

«የአምስት መቶው ያህል።»

«እስቲ ያሳዩኝ።»

አብረን ሄድን። ከሐውልቱ ሥር ቆማ ስሞቹን በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች፤ ጣሊያንኛ አቀላጥፋ ታነባለች። ከዚያ ሁሉ ስም መካከል አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመችና የምትጦራቸው ሽማግሌ ስም ከዚህ ጋር አንድ እንደ ሆነ ነገረችኝ፤ ዘመድ ይሁኑ አይሁኑ አታውቅም፤ ስሙ በዚያ አገር ብዙ ነው። ጥቂት ዝም አለች። ነጠላዋን ከኮቷ ላይ አንሥታ እንደ ለቀስተኛ አደረገችው። «ነፍስ ይማር» አለች። ወዲያው ቀጥላ፣ «ግን ማን ላካችሁ?» አለቻቸው፤ እንደ ታናሽ ወንድም እየተቆጣች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣

«የእኛዎቹስ የት ነው ያሉት?» አለችኝ።

በዚያ ቀን የሞቱትን የራስ አሉላን ወታደሮች ማለቷ እንደ ሆነ ገባኝ። በድንጋይ ላይ የተጻፈ ስም ስለማላውቅላቸው መልስ አልሰጠኋትም። ኮፍያዬን ግን መቼ እንዳወለቅሁት ሳላውቅ በእጄ ይዤው ነበር።

ይህች ሴት በመካነ ኢየሱስ ሥርዐት ብትዳኝ ጥፋተኛ ናት። ዕርቅ አልወረደም፤ በደሉ በአፍ ተነግሮ አልተጨረሰም፤ ካሳውም አልተቆረጠም። እርሷ ግን ለቀስተኛም ሆነች፣ ከሳሽም ሆነች፤ ሁለቱንም በአንድ ነጠላ። ሟቾቹን ከላኪያቸው ለየቻቸው። ጥያቄዋን ለሟቾቹ ብታቀርበውም የተጠየቀው ላኪው ነው። እኔ በሁለት ቀን ያልደረስሁበትን እርሷ ከአንድ የስም ዝርዝር ፊት ቆማ ደረሰችበት። በዕድሜና በትምህርት እበልጣታለሁ፤ እንዲህ ያለውን ለቅሶ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። ዕርቅ ሳይኖር ማልቀስ በደልን ማቅለል አይሆንምን? የሚል ሰው ቢኖር ክርክሩን አልንቀውም፤ ራሴም በባቡር ስመለስ ደጋግሜ አንሥቼዋለሁ። ነገር ግን «ማን ላካችሁ?» የሚል ጥያቄ ያለበት ለቅሶ በደልን የሚያቀልለው እንዴት እንደ ሆነ አልታየኝም። የሚያቀልለው ጥያቄው የተረሳበት ለቅሶ ነው፤ የሚያከብደውም ለቅሶ የሌለበት ጥያቄ ነው።

ከሮማ ከተመለስሁ በኋላ ያን የድሮ ተውኔቴን ከሳጥን አውጥቼ ሁለተኛውን ገቢር እንደ ገና ጀምሬዋለሁ። መድፉ ጨጨሆ ላይ ቆሟል፤ ገመዱ ተበጥሷል። ንጉሡ ከመድረክ ውጭ ናቸው፤ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ከጎታቾቹ አንዱ መሬት ላይ ወድቋል፤ አጠገቡ ያለው ጓደኛው ለቤተ ሰቦቹ ሊያረዳ ስለ ሆነ ማን እንደሚባልና የማን ልጅ እንደ ሆነ ይጠይቀዋል። የወደቀው ሰው ከእስቴ ነው። ስም እስካሁን አላገኘሁለትም።